የቀኙ በር ድምፅ

«ሬዲዮኑን ማን አነሣው?»

እናቱ ጠይቃ ሳትጨርስ ያርጋል መልሶ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«አቧራውን ልጠርግለት ብዬ ነው፣ እማ።»

«ተወው። አቧራው የሱ ነው።»

አልጋው ዳሱ መካከል ነው። አስከሬን ስለሌለ የወንድሙ የላቀው ልብስ ተዘርግቶበታል፤ ቡናማ ጃኬቱ፣ ቆቡ፣ ከጎናቸው ይህ አሮጌ የመኪና ሬዲዮ። ገበሬ ሲሞት ጠመንጃው ወጥቶ ይለቀስበታል። ላቀው ግን ሹፌር ነበር። መኪናው ገደል ገባች ተብሏል። ከእሷ የቀረው ይህ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ሬዲዮ ብቻ ነው፤ አምና ሲያወልቁት እናቱ «ይጣላል እንዴ?» ብላ አስቀምጣው ነበር።

መርዶውን ያመጡት ከጽሕፈት ቤት የተላኩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስንቅ እንዲያመላልስ ከነመኪናው ለዘመቻ የተወሰደው ጓድ ላቀው፣ ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ ተሰዋ፤ ገደሉ ሰው አያስወርድም፤ አስከሬን አትጠይቁ አሉ።

«የትኛው መታጠፊያ ላይ ነው?» ብሎ ነበር ያርጋል።

«ከውጭ ተምረህ የመጣኸው አንተ ነህ?» አለው አንደኛው።

በማግስቱ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ በእግሩ ሄደ። የኬላው ጠባቂ መለሰው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻለም፤ ከዳሱ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ዳሱ ይመላለሳል። መታጠፊያዎቹን በሐሳቡ አንድ በአንድ ይወርዳቸዋል። ላቀው ጨለማ ውስጥ እንኳ የማይስታቸው መታጠፊያዎች። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ የሰማው በዚህ መሐል ነው።

«ዘፈኑ ነው እኮ የገደለው። ያን ያህል ከፍቶት የጭነት መኪና ጥሩንባ በየት ይሰማል?»

«ቀስ በይ፣ ያን ጉድ የገጠመለት ወንድሙ ነው።»

እውነት ነው፣ እሱ ነው የገጠመለት። አምና ከቡልጋሪያ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከዲፕሎማው ጋር አንድ የመኪና ቴፕና አራት ስፒከር ነበር። ዲፕሎማውን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አልተገኘም። ቴፑን ላቀው ፈለገው። አሮጌዋ ነጭ ፔጆ የነበራት ያ ሬዲዮና መዳፍ የምታክል አንዲት ስፒከር ነበር፤ ሊማሊሞን መውረድ ስትጀምር ከጎማና ከጠጠር ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ግቢው ውስጥ በሮቿን ፈቱ። ያርጋል ቆርቆሮውን በመቀስ ቀዶ ስፒከሮቹን ሲያስገባ ካቻቢቴው አመለጠውና የቀኙን የፊት በር ስፒከር ወረቀት ቀደደ። በሲጋራ ወረቀትና በሙጫ ለጠፈው። ቴፑ ሲከፈት ግን ወፍራሙ ድምፅ በመጣ ቁጥር ጣሳ ውስጥ እንደገባች ንብ ጥዝዝ ይላል።

«ሌላ አስልካለሁ» አለ አፍሮ።

ላቀው ሳቀ። «ተወው! አምስት ዓመት ተምረህ አገርህ ላይ የሠራኸው ይችኑ ነው። ፊርማህ ናት።»

ለስፒከሩ መሸፈኛ ስላልነበረው እናታቸው ከአሮጌ ቀሚሷ ቀይ ጥለት ቆርጣ ሰጠቻቸው። ዳባት ገበያ ስትሄድ የምትቀመጠው እዚያው በር ሥር ሆነ። መንገዱን ሁሉ «ዝቅ አርገው አንተ! ጉልበቴን በላኝ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ይጨምረዋል።

ደባርቅ መኪናዋን በድምጿ ለመደ። ከሊማሊሞ ስትወጣ ንቧ ትቀድማለች፤ መንገደኛው ሳያያት ጓዙን ያነሣል፤ እናቱ ሽሮዋን ትጥዳለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲያልፍ ግን ቴፑ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይሰማው ነበር የመጣው። «ስንቅ ብቻ አይደለም የሚያስጭኑኝ» አለው ለያርጋል። ምን እንደሆነ ሳይነግረው ሄደ።

ንፍሮ እየታደለ ሳለ ጎረቤታቸው የአያ ማለደ እጅ ወደ አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ከአፋፉ በኩል ዘፈን ይመጣል። ከዘፈኑ ሥር ንብ።

እናቱ ያገለደመችውን ነጠላ ጥላ ተነሣች።

«ልጄ! ላቀው መጣ! እልል በሉ!»

አንዲት ሴት እልልታ ጀመረችና መሐል ላይ አቋረጠችው። ሁሉም ወደ መንገዱ ወጣ። ያርጋል ቀድሟቸው ይሮጣል። መኪናዋ አልተገለበጠችም። ዘፈኑ አልገደለውም። እኔ አልገደልኩትም። መንገዱ ዳር እስኪደርስ ድረስ ደስ ብሎት ነበር።

ነጯ ፔጆ በብሩሽ ካኪ ተቀብታለች። ታርጋዋ ሌላ ነው። አንድ የተጨረመተ ቦታ የላትም። መንገዱን ሰው ስለሞላው ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ፤ ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው ጎልማሳ ነው።

«ምንድን ነው? ደኅና ናችሁ?»

እናቱ ውስጡን አየች። ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

«ልጄስ?»

«የማን ልጅ፣ እናቴ?»

«የመኪናዋ ባለቤት። ላቀው።»

«አላውቀውም። ከሊማሊሞ ሥር አዲ አርቃይ ላይ ተረከብኳት፤ ጎንደር አድርስ አሉኝ።»

«ስትረከብ ማን ነበረባት?» አለ ያርጋል።

«ማንም። ታጥባ ነው የሰጡኝ። ወንበሩ እንኳ እስካሁን...»

ሐዘንተኞቹን ልብ ብሎ ያያቸው ገና አሁን ነው። ወንበሩ ላይ አንጥፎ የተቀመጠበት ጆንያ ርሷል። ሁሉም ጆንያውን አየ።

መርዶ ካመጡት ሰዎች አንዱ ለቅሶውን ሊታዘብ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ተከትሏቸው ወጣ። «መኪናና መኪና ይመሳሰላል!» አለ ጮክ ብሎ። «መንገድ ልቀቁ!»

ያርጋል ዞረበት። የት ነው የቀበራችሁት ሊለው አፉን ከፈተ። አያ ማለደ ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

«እናትህን እያት» አሉት በጆሮው። «ያንተንም ልብስ ዘርግታ ታልቅስ?»

ያርጋል አፉን ዘጋ።

ሹፌሩ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

«አትዝጋው» አለች እናቱ።

«ሐዘን ላይ ናችሁ፣ እናቴ። ዝቅ እንኳ ላድርገው።»

«ዝቅ አታርገው።»

ዞራ ወደ ቀኙ በር ሄደች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ካኪው ቀለም ጥለቱን አልነካውም። ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ብብቷ አስገባችና፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ ሁሉ መዳፏን ቀዩ ጨርቅ ላይ አሳረፈች። ንቧ ከመዳፏ ሥር ትርገበገባለች።

መርዶ ያመጣው ሰውዬ እንደገና ጮኸ። ሹፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ቀስ ብላ ስትንቀሳቀስ እናቱ እጇን አላወጣችም፤ አብራት ጥቂት ተራመደች።