ያልተሰነጠቀችው ቅጠል

ሚስተር ኒታይና እኔ ዲኤፍደብሊው በሚባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር እየገፋን መንገደኛ እናደርስ ነበር። እሳቸው የቤንጋል ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። በ2007 መጋቢት ላይ፣ በእረፍት ሰዓታችን፣ ወረቀት ቆርጠው በክር አያያዙና ትንሽ ሰው አሳዩኝ።

“አባቴ ከዘንባባ ቅጠል ወታደር ይሠራ ነበር። የቆመበትን እንጨት በመዳፍህ መካከል ስታሽከረክረው እጅ እግሩን ያወራጫል። የፕላስቲክ መጫወቻ መጣና ይሄ ቀረ። እኔም ከሠራሁ ሠላሳ ዓመቴ።”

የቤንጋሎች ማኅበራቸው በሚያዝያ ለሚውለው አዲስ ዓመታቸው ባዛር ጠረጴዛ ሰጥቷቸዋል። ሃያ ወታደር ይዘው ሊቀርቡ አስበዋል። ቅጠሉ ግን የለም።

“ሆሳዕና ደርሷል፤ ከቤተ ክርስቲያን አመጣልዎታለሁ” አልኳቸው።

“አንተ? የሥራ መግቢያ ሰዓቱን ፓንች ማድረግ እንኳ የምትረሳው ልጅ?”

አልረሳሁም። ዘንባባው ከፍሎሪዳ በካርቶን ነው የሚመጣልን። ለምእመናኑ የሚያድሉትን እትዬ አረጋሽን አንድ እቅፍ እንዲያስቀሩልኝ ለመንኳቸው።

“ለማን ነው?”

“አብረውኝ ለሚሠሩ ሽማግሌ፤ ለበዓላቸው።”

በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እቅፉን ልወስድ ስመለስ፣ እትዬ አረጋሽ ቅጠሉን ለጣት ቀለበት እንደሚሆነው አድርገው በጥፍራቸው ይሰነጥቃሉ።

“ሽማግሌው እንዳይደክሙ ብዬ ነው” አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ የቀረውን አብሬ ሰነጠቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘንባባ ሲሰነጠቅ ነው ያየሁት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ሰኞ ሚስተር ኒታይ እቅፉን ፈቱት። ቀጫጭኑን ቅጠል አንድ በአንድ አነሱ፣ አስቀመጡ።

“ደረትና ትከሻ የሚወጣው ከሰፊ ቅጠል ነበር” አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን እንደሚሠሩበት ለሴትዮዋ አልነገርኳቸውም።”

እሳቸው መጠቅለያውን አገላበጡት። እትዬ አረጋሽ እቅፉን የጠቀለሉበት አንድ ሰፊ ቅጠል አልተሰነጠቀም ነበር። እሱን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ አምስት ቀን በመኪናቸው መስታወት ሥር አደረቁት።

ቅዳሜ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ወዳለው የባዛሩ አዳራሽ ሄድኩ። ሰው ምግብና ልብስ ወዳለበት ተጠጋግቷል። ጥግ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ አንድ ወታደር፤ ቀይ ኮት፣ ጥቁር ጺም። ሚስተር ኒታይ ከኋላው ቆመው ያሽከረክራሉ።

አንዲት ሴት ቆም አለች። “ሰማያዊ አለዎት?”

“ያለኝ ይሄው ነው።”

ሄደች። ከዚያ በኋላ የቆመ አልነበረም።

የአዳራሹ ሠራተኞች ወንበር ማጣጠፍ ሲጀምሩ ሚስተር ኒታይ እንጨቱን አቀበሉኝ።

“አሽከርክር። ቀስ ብለህ፤ አትጨብጠው።”

መጀመሪያ እግሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ክርኔን ይዘው ዝቅ አደረጉልኝ። ወታደሩ እጁን ወደ ላይ ወረወረ፣ ዘለለ። እሳቸው ዞረው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆሙ።

“አባቴ ከሞተ ወዲህ ከፊት ሆኜ አይቼው አላውቅም” አሉ። “የሚያሽከረክርልኝ አልነበረም።”

ወለሉን የሚጠርገው ሰው በመካከላችን አለፈ። መዳፌ እስኪግል አላቆምኩም።