አሥራ አራት ቀን ያለ ጠብታ

ሰው ዓይኑ ካልጠፋ ወይም በፋሻ ካልታሰረ ታመመ አይባልም። የማተሚያ ቤቷ አራሚ ስድስት ዓመት ሙሉ «ምን ሆነሻል? ዓይንሽ እኮ ደህና ነው» ስትባል ኖራለች። ደህና! አሸዋ የሞላው ዓይን ደህና! እንባዋ ደርቆ፣ የዓይኗ ቆብ በከፈተች በከደነች ቁጥር እየፋቃት፣ በየሰዓቱ ከትንሿ ጠርሙስ ሁለት ሁለት ጠብታ እየጨመረች ነው የሰው መጽሐፍ ስታርም የኖረችው። ሰው ሲያወራትም ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማው። አለቃዋ በስብሰባ መሀል የተኛች መስሎት «እመት አራሚ፣ ደህና አደሩ?» ብሎ አስቆባታል።

የምትመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳታቋርጥ ማንበብ። ከሚያወራት ሰው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያዩ መጫወት። ይኸው ነው። ለዚች ብላ «አዲስ መድኃኒት መጣ» በተባለ ቁጥር ልቧ ይሰቀላል። አንዱ ሊወጣ ነው ተብሎ ቀረ። አንዱ ወጣ፣ እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም። ሌላው ደርሶ ጭራሽ አቃጠላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል፤ የሷ እንቁላል ግን እግር የማውጣት ሐሳብም የለው።

ዘንድሮ የምትታከምበት የዓይን ሆስፒታል ራሱ ጠራት። እንባ የሚያመነጨውን ዕጢ የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት በሰው ሊሞከር ነው፤ ሃያ ሰው ይፈለጋል። በዕድሜ ልጇ የምትሆን ወጣት ሐኪም ደንቡን ደጋግማ ነገረቻት።

«እናቴ፣ ለአሥራ አራት ቀን አንዲት ጠብታ እንዳይጨምሩ። ዓይንዎ ላይ ያለውን ቁስል እንዳለ ማየት አለብን። ከልኩ ካነሰ አናስገባዎትም።»

«ቢፈርጥም አልነካው!» አለች አራሚዋ።

ቤቷ ገብታ ጠርሙሱን ለባሏ አስረከበችው። ባሏ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ስለሚነዳ ወፍ ሳይንጫጫ ይወጣል። «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» አለችው። ማለላት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጉድ አሳዩዋት። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ መጋረጃ ዘግታ፣ እንቅልፍ አጥታ ከረመች። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሏት ለመነችው። «ምዬ የለ እንዴ» አለና ወደ ጓዳ ገባ፤ እዚያ ሆኖ ሲናፈጥ ሰማችው። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ ይጥላት ጀመር፤ ጠዋት ስትነሳም ያ የሚፍቃት ነገር ቀለል ይላታል።

«ለመድኩት መሰለኝ» አለችው።

«ሰው የማይለምደው ነገር የለም» አለ ቶሎ ብሎ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተያይዘው ሄዱ። ሐኪሟ ዓይኗ ላይ ቢጫ ቀለም ነክታ በሰማያዊ መብራት አየች። ቁስሉ ቀለም ይዞ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ የምትቆጥረው እሱን ነው። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ! በጣም ተሽሎዎታል።»

«ኧረ ጉድ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ቁስሉ ከልኩ በታች ነው። ሙከራው ውስጥ ልናስገባዎት አንችልም።»

ተሽሎሻል ተብላ እንዲህ የደነገጠች ሴት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። «አልተሻለኝም! ይኸው አሁንም እየፈጀኝ ነው! እንደገና ቁጠሪው ልጄ፣ በሞቴ! አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም፤ ባሌ ይመስክር!»

ባሏ በሩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሻል። «እኔ ጨምሬያለሁ» አለ።

ሁለቱም ሴቶች ወደሱ ዞሩ።

«ስትተኛ ዓይኗ አይገጥምም፤ ግማሹ ክፍት ነው። ደም መስሏል። አንድ ቀን ዝም አልኩ፣ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ሲጥላት ሁለት ጠብታ አደረግሁላት፤ ጠዋት ልወጣ ስልም ደገምኩ። ከዚያ በየቀኑ ሆነ።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ አራቱ ቀን እንደ አዲስ መቆጠር አለበት፤ ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ያበቃል። የሚቀጥለው ሙከራስ መቼ ነው? «ገና አይታወቅም እናቴ። ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ሦስትም።»

ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ምለህልኝ አልነበር?»

«ብትለምኚኝ አልሰጥሽም ብዬ ነው የማልኩት። ተኝተሽ መች ለመንሽኝ?»

«ዝም በል! ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔን ያጠፋው ግን ሊኩለኝ የመጣው ነው! ስድስት ዓመት ጠበቅሁ እኮ! ስድስት ዓመት! አንተ አሥራ አራት ቀን አቃተህ?»

«አዎ» አለ። «አቃተኝ።»

ንዴቷ ግን አልወጣላትም። መድኃኒቱ ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ሊገባ ነው፤ እሷ ሰኞ ተመልሳ ያንኑ ገጽ እያቋረጠች ልታነብ ነው። ያ እንደ ልብ አይቶ መዋል፣ እጇ ሊገባ ደርሶ የነበረው፣ ከበፊቱ ይልቅ ናፈቃት። ነፋሱ አቧራ ይዞ መጣና ዓይኗን ለበለባት። ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች።

«በል ጨምርልኝ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ።»

ከኪሱ ጠርሙሱን አወጣ። ያን የሚያህል አውቶብስ የሚጠመዝዝ እጅ ዓይኗን ሳተና የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ስተኛ ነው የሚሳካልህ» አለችው ሳትስቅ።

ሁለተኛው ገባ። ጠብታ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ፊቱ እላይዋ ላይ ነበር፣ በጣም ቅርብ። ሁለቱም ቅንድቦቹ ነጭ ሆነዋል።

«አንተ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«አንቺ ስትጠብቂ» አለ ባሏ።

ጠብታው እስኪደርቅ ድረስ አየችው።