ለሰው ልጅ የተፈቀደው ወተት

ልባም አንባቢ ሆይ፤ በምድር ላይ የሚፈጸመው ግፍና በደል አብዛኛውን ጊዜ ለተበዳዩ አንዳች ነገር ይተውለታል፤ የሚጮህበትን አንደበት፣ የሚሸሽበትን እግር፣ ወይም አቤት የሚልበትን ዳኛ ፈጽሞ አያሳጣውም። ከማኅፀን ወጥቶ ብርሃንና ጨለማን ገና ያልለየ ሕፃን ግን ወደ አፉ የቀረበለትን ሁሉ በፍጹም እምነት የሚቀበል፣ ጣዕሙን ሊመረምር ምንጩንም ሊጠይቅ የማይችል ፍጡር ነውና፣ በእርሱ ሲሳይ ላይ መርዝ የሚቀላቅል ሰው ከነፍሰ ገዳይ የከፋ ስም ይገባው ነበር፤ ቋንቋችን ግን ለእንዲህ ያለው ርኩሰት ገና ቃል አልወለደችለትም።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም በናዝሬት ከተማ ቀኛዝማች ውብነህ የሚባሉ ባለጸጋና ባለግርማ ነጋዴ ነበሩ፤ ከፋብሪካቸው በቆርቆሮ ታሽጎ በሚወጣው የሕፃናት የዱቄት ወተት ስማቸው የገነነ፣ በዓመት በዓልም ለድሆች እናቶች በነፃ ስለሚያድሉ «የሕፃናት አባት» እየተባሉ የሚወደሱ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ከረጅም ዘመን ስእለትና ልመና በኋላ ሴት ልጅ ቢወልዱም የወባ ትኩሳት ጡታቸውን አደረቀው። ቀኛዝማችም ለሕፃኒቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ወተት ከአዲስ አበባ ያስመጡላት ጀመር፤ ወይዘሮዋም ይህን በስተርጅና ልጅ ያገኘ አባት መንሰፍሰፍ አድርገው ቈጠሩት። በዚያው ሰሞን የቤታቸውን ልብስ የምታጥበው ዘነቡ ወንድ ልጅ ተገላግላ ወተት ቢያጥራት፣ ወይዘሮ አልጋነሽ የባላቸውን ፋብሪካ ወተት ከጓዳ አንሥተው በገዛ እጃቸው ሰጧት።

የዘነቡ ልጅ በመጀመሪያ ያለቅስ፣ ኋላም ማልቀስ ያቅተው ጀመር፤ ሽንቱ ተቋረጠ፣ ፊቱ አበጠ። የሆስፒታሉ ሐኪም ኩላሊቱ በጠጠር መደፈኑን፣ ይህም ደዌ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሕፃናት ላይ እየበዛ መምጣቱን ተናገረ፤ ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ቢቈርጠው የባሕር ማዶው ወተት ቀረ፤ ሕፃኒቱም በረሃብ ታለቅስ ነበርና ወይዘሮ አልጋነሽ ከጓዳው ቆርቆሮ ቀድተው ጡጦውን ወደ ልጃቸው አፍ ሲያስጠጉ፣ ቀኛዝማች ከደጅ ገብተው በጥፊ ከእጃቸው አስጣሉት።

«ተይ! እሱን እንዳትሰጫት!»

«ምነው? የእርስዎ ፋብሪካ ወተት አይደለም እንዴ?»

«ለእሷ አይሆንም አልኩሽ!»

«ታዲያ ለዘነቡ ልጅ እንዴት ሆነ?»

ቀኛዝማች በእጃቸው ላይ የተረጨውን ወተት ደጋግመው በመሐረብ ጠረጉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅም «የጠጡት ሁሉ እኮ አልታመሙም» አሉ። ወዲያውም ነገሩን ለማቅለል እየጣሩ ምሥጢሩን በገዛ አፋቸው ዘረገፉት፦ የወተቱን እኩሌታ በስኳርና በስንዴ ዱቄት ተክተው፣ ጉድለቱ በመርማሪዎች መሣሪያ እንዳይታይባቸው ለፕላስቲክ ሳህን መሥሪያ የሚሆን ነጭ ኬሚካል ይጨምሩበት ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ ቆርቆሮውን ከድነው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የባላቸው የሽቶ መዓዛ፣ የአልጋቸው ሐር፣ የገዛ አንገታቸው ወርቅ ሳይቀር እንደ ከረመ ወተት ይከረፋቸው ጀመር፤ እጃቸውን በሳሙና ቢፈትጉት እንኳ ቆርቆሮውን ለዘነቡ ያቀበሉበት መዳፍ የጠራ አልመስል አላቸው።

የቀረውን ወተት ለሐኪሙ ወስደው የሰሙትን ሁሉ ተናገሩ። ምርመራው ሳያልቅ ሽማግሌዎች ቤታቸው መጡ፤ ቀኛዝማች ባሳረዱት ሙክት ጥብስ ጢማቸውን እያወዙ፣ ጣታቸውንም እየላሱ፣ ስለ ምሕረት ብዙ ተናገሩ።

«ልጄ፣ የባልሽ ገመና ያንቺም ገመና ነው» አሉ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ግራዝማች አየለወርቅ። «ለሟቹ ሕፃን እናት ካሣ ይሰጣታል። ቃልሽን ብታነሺ ቤትሽ አይፈርስም።»

«አባቴ፣ ገመና ሰው በጓዳው የሚሸሽገው ነው» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። «ይህ ግን በየሱቁ ተደርድሮ እናቶች እየተሻሙ ይገዙታል፤ እርስዎ ሲጐርሱ እንኳ አንዷ ለልጇ እየበጠበጠች ነው። የእኔ ቤት እንዳይፈርስ ስንት ሕፃን ይቀበር ይላሉ?»

ግራዝማች እጃቸውን ወደ ጥብሱ መለሱ። ወይዘሮዋም ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ከዚያ ቤት እንደወጡ አልተመለሱበትም።

በችሎት ቆመውም መሰከሩ። ወተቱ ከየሱቁ ተለቅሞ በጥልቅ ጕድጓድ ተቀበረ፤ ከዚያም ወዲያ በዚያ አገር ከሐኪሞች እጅ ያላለፈ የሕፃን ምግብ እንዳይሸጥ ታዘዘ። ቀኛዝማች ግን ወኅኒ እስኪወርዱ ድረስ «ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» እያሉ እንደ ተበደለ ሰው ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ ይቅርታ ሊለምኑ ወደ ዘነቡ ጎጆ ሄደው በእግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ፣ እርሷ በክንዳቸው ያዘቻቸው።

«ይተዉ እሜቴ። እርስዎም አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም። ያወቁት ቀኛዝማች እኮ በቀብሩ ዕለት አጠገቤ ቆመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከእኔ በላይ ሲያለቅሱ ነበር።»

ለገዛ ልጁ የሚጸየፈውን ለሌላው ልጅ የሚያቀርብ ሰው፣ በምግቡ መርዝ ከመጨመሩ አስቀድሞ በልቡ ውስጥ የሰውን ዘር ለሁለት ከፍሏል፤ እጁ ኋላ የሚሠራውም ልቡ ቀድሞ የፈረደውን ብቻ ነው።