የባለቤት ስም የሚጻፍበት መስመር

በሚዛን ተፈሪ ስለ ኮድ ሲያወሩለት የሚገባው ሁለት ሰው ነበር። አንዱ እኔ አሞጽ ነኝ፤ ሁለተኛው ፍቅሩ። ሌላም አለ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ! ኮምፒውተር የሚጠግን ሞልቷል፣ ፕሮግራም የሚጭን ሞልቷል፤ ከባዶ ተነስቶ የሚጽፍ ግን እኛው ነበርን። ከሁለታችን አንዱ ሌላውን በሽማግሌ ከሰሰ። ከሳሹ እኔ ነኝ። ስሙኝማ፣ ገንዘብ ፈልጌ አይደለም። የፈለግኩት ፍቅሩ በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት፣ "ይሄን ከአሞጽ ጋር ነው የሠራነው" እንዲል ነበር። ይቺን ብቻ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሱቅ የእኔ ናት። ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ መዝሙር እጭናለሁ። ፍቅሩ የማጂ ሰው ነው፤ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ። አንድ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገባና ስክሪኔ ላይ የጻፍኩትን ኮድ አጮልቆ አይቶ "ይሄ እኮ ከጀመረ አያቆምም" አለኝ። ተናደድኩ። ማን ጠየቀህ? ከዚያ ኮዱን ደግሜ ሳየው ለካ እውነቱን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱቄ አልጠፋም።

ላፕቶፑ አንድ ነው፤ ባትሪው ደግሞ አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አይቆይም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የብረት በሩን ወለል አድርገን ከፍተን በውስጠኛው ገጹ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እነቅፋለሁ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ያጠፋል። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። "የሒሳብ አስተማሪዎች ናቸው" ይላል አንዱ፤ "ኧረ አብደው ነው" ይላል ሌላው። መብራቱ ሲመጣ የጻፍነውን ወደ ላፕቶፑ እንገለብጥና በሩን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን።

እንዲህ እያልን በ2006 ዓ.ም. የቤንችኛ መዝሙሮችን ስልክ ላይ የሚያሳይ አፕ ሠራን። አራት መቶ አሥራ ሁለት መዝሙር ከነመፈለጊያው! ኮዱን ደግሞ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በነፃ ለቀቅነው። ሲለቀቅ የባለቤት ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር አለ። እንግዲህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የደረሰ ሰው ስሙን አይጽፍም፤ የሱቄ መስኮት ላይም የለጠፍኩት "የዚህ ቤት ባለቤት ጌታ ነው" የሚል ነው። እዚያም ሳላመነታ "ባለቤት፦ ጌታ" ብዬ ጻፍኩ። ፍቅሩ ሳቀና "ይሁን፣ ከሱ ጋር አንከራከርም" አለ።

ከዚያ ተጣላን። በምን ተጣላችሁ ብትሉ፣ በመፈለጊያው። ፍቅሩ መፈለጊያውን እንደ አዲስ ጽፎ አመጣ። ፈጣን ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሳይነግረኝ፣ የእኔን ከሥሩ አጥፍቶ ነው የጻፈው። "የእኔ ምን ሆኖ ነው?" አልኩት። "ቀርፋፋ ነዋ" አለኝ ፊት ለፊት። አልቀበልም አልኩ። ሁለት ሳምንት ለመነኝ። እኔ ደግሞ ሲለምኑኝ ይብስብኛል። በመጨረሻ "እንግዲያው ለብቻዬ አወጣዋለሁ፤ ኮዱ ነፃ አይደል?" አለኝ። "አውጣ! ማን ያዘህ?" አልኩት። ይሄን ማለቴን አልክድም። በወሩ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። መናኸሪያው ከሱቄ ሃያ እርምጃ ነው፤ ወጥቼ አልሸኘሁትም።

ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠራሁ። መብራት ሲጠፋ ጠመኔውን አነሳና ሁለት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ፤ የሚነቅፈኝ የለማ። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነው የሚውለው። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም ነው። አንዳንዴ አንድ ችግር ፈትቼ ደስ ይለኝና የምነግረው ሰው አጣለሁ። አንድ ቀንማ ለጎረቤቴ ለሻይ ቤቷ ለሸዋነሽ ነገርኳት። "ጎሽ አሞጽዬ" ብላ ሻዬን ቀዳችልኝ። ያን ቀን ሆድ ባሰኝ።

በ2009 የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ የቴክኖሎጂ ወሬ የሚያወጣ አንድ ገጽ ላይ የፍቅሩን ፎቶ አየሁት። "የመጀመሪያው የቤንችኛ መዝሙር አፕ" ይላል። ከሥሩ እሱ የሚሠራበት ድርጅት ስም፣ ቀጥሎም "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው"። ወይ ጉድ! ቶሎ ብዬ አፕ መደብሩ ላይ የእኔን ብፈልገው የለም። "ከሌላ ሥራ የተቀዳ ነው የሚል አቤቱታ ስለቀረበበት ተነስቷል" የሚል ማስታወቂያ ብቻ። የገዛ ሥራዬን እኔው ሰርቄው አረፍኩ!

ፍርድ ቤት አልሄድኩም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋ ሄድኩ። ጋሽ ታፈሰ የቡና ገበሬ ናቸው፤ እትዬ ሎሚ የመዘምራኑ መሪ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሱቄ መጡ። ፍቅሩ ጋ ደወልንና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

"ሰላም አሞጽ" አለ።

ሦስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ። ስልኩን ወደ ጋሽ ታፈሰ ገፋ አደረግኩት።

"ይሄ ነገር የማን እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ አለው?" አሉ ጋሽ ታፈሰ። እሳቸው የሚያውቁት የመሬት ደብተር ነው።

"አለው" ብዬ ፋይሉን ከፈትኩላቸው። እትዬ ሎሚ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ባለቤት፦ ጌታ።"

"አሜን!" አሉ ጋሽ ታፈሰ። "ታዲያ ባለቤቱ ጌታ ከሆነ እናንተን ምን ያጣላችኋል?"

ፍቅሩ ከስልኩ ውስጥ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ የድርጅቱ ጠበቃም የጠየቀኝ ይሄንኑ ነው። ባለቤቱ ማነው አለኝ፤ የተጻፈውን አሳየሁት። ሰው ካልሆነ ባለቤት የለውም፣ በእኛ ስም ይሁን አለ። ለሥራው አዲስ ነበርኩ፣ ፈራሁና ዝም አልኩ። አቤቱታውንም እነሱ ናቸው ያስገቡት። አሞጽ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።"

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? ግን የምፈልጋትን ቃል አላለም። ስለ ጠበቃው አወራ፣ ስለ ፍርሃቱ አወራ፤ ስለዚያ በር ምንም አላለም። ደሜ ፈላ።

"ጌታ ኮድ አይጽፍም!" አልኩ ጠረጴዛውን መትቼ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

እትዬ ሎሚ "ኧረ ጌታ ሆይ ይቅር በለው" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ታፈሰ ግን አልተቆጡም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀለል እስኪል ጠበቁ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "እንግዲያው የጌታን ስም በገዛ እጅህ አጥፋና የሠራውን ሰው ስም ጻፍ። እኛ ምስክር እንሁን። ፍቅሩ፣ በተጻፈው ትገዛለህ?"

"እገዛለሁ" አለ ፍቅሩ። "ድርጅቱ አልቀበልም ቢል እንኳ፣ ሥራዬን ለቅቄም ቢሆን አፑን አስወርዳለሁ።"

ጌታ የሚለውን አጠፋሁት። "አሞጽ" ብዬ ጻፍኩ። ከስሜ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነበር፤ አሥር ሰው የሚያስጽፍ ቦታ። እውነት ለመናገር ጣቴ 'ፍ' ላይ ነበር። ግን መጀመሪያ እሱ 'አብረን ነው የሠራነው' ይበል እንጂ! እሱ ሳይል እኔ ለምን እላለሁ? ሴቭ አደረግኩት።

"ጻፍክ?" አለ ፍቅሩ።

"ጻፍኩ።"

"ምን ብለህ?"

"አሞጽ ብዬ።"

"ብቻህን?"

ሁለቱም ሽማግሌዎች አዩኝ። አሁንም ጊዜ ነበረኝ፤ ማረም የአፍታ ሥራ ነው።

"ብቻዬን" አልኩ።

ፍቅሩ በቀስታ "እሺ" አለ። "ትናንት ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። 'የሠሩት አሞጽና ፍቅሩ ናቸው' ብዬ። ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ።" ስልኩም ተዘጋ።

ጋሽ ታፈሰ ጸልየው ተነሱ፤ ስለ እርቅ ግን አልጸለዩም። በሳምንቱ የእኔ አፕ ተመለሰ፣ የሱ ወረደ። አሁን የሚያገኘኝ ሁሉ "ተባረክ" ይለኛል። ፈልገው እስኪያገኙ መዝሙሩ ያልቃል ብለው የሚያማርሩም አሉ። የፍቅሩ መፈለጊያ እጄ ላይ ነው፤ ባስገባው ማንም አይከለክለኝም። ግን የማን ነው ብዬ? ሁለት ጊዜ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ሦስተኛ አልደወልኩም። ቢያነሳስ ምን እለዋለሁ?