የእማማ ጣይባን ግመል የወሰደው ጎርፍ

ወላሂ፣ ይህ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ የጨመረበት ሰው ካለ ምላሱ ይድረቅ!

ጣልያን ደሴ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። አንድ ቀጭን መሐንዲስ በሦስት እግር የሚቆም የመሬት መለኪያ መነጽር አሸክሞ ከፒያሳ በታች ወዳለው ጅረት ወረደ። መነጽሩ የዝሆን ኩምቢ ያህላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያንቀላፋች ዝንብ ታይበታለች ተባለ።

ከጅረቱ ዳር ሱቅና መኖሪያውን አንድ ላይ የሠራው ጨው ነጋዴው ሙሄዲን ሚዛኑን ጥሎ ወጣ። መነጽሩ አጓጓው። ከመነጽሩ ይበልጥ ግን ወሬው አጓጓው፤ ጎርፍ በበረታበት ቦታ ጣልያን የድንጋይ ድልድይ ይሠራል ይባላል። ድልድዩ ደጁ ላይ ከቆመማ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ቅፍለት ሁሉ በሱቁ በር ሊያልፍ ነው!

«እስቲ እኔም ልይ» አለው አስተርጓሚውን፣ የኩታበሩን ፈንታሁንን።

መሐንዲሱ ቦታ ለቀቀለት። ሙሄዲን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያይ፣ የጎረቤቱ የእማማ ጣይባ ቤት ጣሪያው ወደ ታች፣ በሩ ወደ ላይ ሆኗል። እማማ ጣይባም በጭንቅላታቸው ቆመው ገብስ ያበጥራሉ፤ ገለባው ወደ ላይ ይረግፋል። ቀና ብሎ በባዶ ዓይኑ አያቸው፤ ደህና ናቸው። እንደገና አጎነበሰ።

«ሱብሃነላህ! ቀሚሳቸው እንዴት አልወረደም?»

«መነጽሩ ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ቀሚሱን ተወውና ስማኝ» አለ ፈንታሁን እየሳቀ። «ውሃው እዚህ እስከ የት ደርሶ ያውቃል? ነው ጥያቄው።»

በዚያ ሰፈር ወሬ ጎርፍ በክንድ አይለካም፤ በወሰደው ከብት ነው የሚለካው። የፍየል ጎርፍ አለ፣ የጥጃ ጎርፍ አለ፤ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት የበሬ ጎርፍም አለ። ለሙሄዲን ድልድይ ግን በሬ አነሰ።

«የግመል ጎርፍ ነበር!» አለ። «የእማማ ጣይባን ግመል፣ ከነጭነቱ! እንደቆመ ውሃው በላዩ ላይ አለፈ። ጩኸቱ ገራዶ ድረስ ተሰማ። ጨው ነበር የተሸከመው፤ ያን ዓመት ጅረቱ የሚገባበትን ቦርከናን የጠጣ ከብት ሁሉ አሞሌ ሳይልስ ከረመ።»

«ከነጭነቱ?»

«ከነጭነቱ አልኩህ!»

መሐንዲሱ ይህ ሲተረጎምለት የግመልን ቁመት ጠየቀ፤ የጭነቱንም ደመረ። ከዚያ ብሩሽ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረና በሙሄዲን ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ መቃን በላይ፣ መስመር አሰመረ።

«ድልድዩ እዚህ ድረስ ሊሆን ነው?» አለ ሙሄዲን ደስ ብሎት።

«ምን ድልድይ?» አለ ፈንታሁን። «ጎርፍ ይወስደዋልና ከመስመሩ በታች የሆነ ቤት ይፈርሳል። ክረምት ሳይገባ።»

ከግድግዳው ጀርባ ሚስቱ ሱልጣና አራስ ተኝታለች። ከሙሄዲን ግንባር የወረደው ላብ አንድ የውሃ ወፍጮ ያዞር ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ! ግመሉ መቼ ቆመ? ተንበርክኮ ነበር እኮ!»

መስመሩ ወደ በሩ ወገብ ወረደ።

«ደግሞም ግልገል ነው። ለነገሩ ሳስበው... ጥጃ ሳይሆን አይቀርም። ሻኛው ነው ያሳሳተኝ።»

«ወንድሜ ሙሄዲን» አለ ፈንታሁን፣ «ትንሽ ከቆየን እንቁራሪት ልታደርገው ነው።»

መሐንዲሱ አልሳቀም። ብሩሹን እንደያዘ ከፈንታሁን ጋር የግመሉ ባለቤት ወደተባሉት ወደ እማማ ጣይባ ሄደ። ሙሄዲን ከኋላው ሆኖ «ፍየል በሉ፣ በአላህ ፍየል በሉ» እያለ በዓይኑ ለመናቸው።

እማማ ጣይባ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ግመል ኖሮኝ አያውቅም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ዶሮ ነበረችኝ። እሷንም የበላት ሸለምጥማጥ ነው። እዚህ ከተዳርኩ ጀምሮ ይህ ጅረት ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ አያውቅም፤ በጋ ከክረምት ድንጋይ ተረማምደን ነው የምንሻገረው።»