ቁምሳጥኑ አይዞርም

የጥርስ ሐኪሟ እጇ መልካም እንደሆነ የማይመሰክር አልነበረም። መርፌዋ ሲገባ አይታወቅም፣ ጉጠቷ አያንገላታም። ችግሯ አንድ ነው፤ ታካሚው አፉን ሲከፍት እሷም አፏን ትከፍታለች። የምታወራው ደግሞ ስለ ቢጫዎቹ ብቻ ነው። ቢጫዎቹ፣ ገና በሰባት ዓመቷ አባቷ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ስታዲየም እያስገቡ ያስለመዷት የከተማው ኳስ ቡድን ነው።

ወሬዋ እንደ ተራ ደጋፊ «አገባን፣ ገባብን» አይደለም። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚዞር፣ ማን ከማን ጋር ቢገጥም እንደሚበለጥ፣ ማን ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ ወገቡን ይዞ መሬት መሬት እንደሚያይ ለይታ ታውቃለች። ሲመቻት ደግሞ ትስላለች። አንድ ታካሚ የመድኃኒት ማዘዣ መስሎት የአራት አራት ሁለት አሰላለፍ የተሳለበት ወረቀት ፋርማሲ ይዞ ሄዶ ያውቃል። ባለ ፋርማሲው የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ነበርና አገላብጦ አየውና «ይሄ አያድንም» ብሎ መለሰለት።

ቤቷ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሰማላት የለም። ባሏ የኳስ ወሬ ሲጀመር የሚታጠብ ሰሃን ይፈልጋል። አባቷ ይሰማሉ፤ ግን እሳቸው መልስ አላቸው። መልስ የሌለው አድማጭ የሚገኘው ክሊኒኩ ወንበር ላይ ነው፤ ጥጥ በጉንጩ፣ የምራቅ ቱቦ በምላሱ ሥር ተደርጎለት።

በዚያ ሰሞን ዋናው ርዕሷ ቁምሳጥን ነበር። ቁምሳጥን የቢጫዎቹ የቀኝ ተመላላሽ ተከላካይ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት፣ ከክሊኒኩም ወጥቶ በታካሚ አፍ ከተማውን አዳርሷል። ሰውዬው ግዙፍ ነው። ፊት ለፊት ለመጣበት አይነቃነቅም። ኳሷ ከጀርባው ከገባች ግን ለማዞር ሁለት ተሸካሚ ያስፈልጋል። ሐኪሟ ሦስት ዓመት ሙሉ «ይቀየር» ስትል ኖራለች። የሰማት የለም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግራ ጉንጩ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ አገጩን በሻርፕ ያሰረ ሰው መጣ። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋት የሠሩት ሲስተር ካርዱን ሲሞሉ ሥራውን ጠየቁት።

«መምህር» አለ በግማሽ አፉ።

«የምን መምህር?»

ሰውዬው ጉንጩን ይዞ አቃሰተ። ሲስተርም አዘኑለትና «መምህር» ብለው ብቻ ጽፈው አስገቡት።

ሐኪሟ ራጁን አየች። የግራ ታችኛው መንጋጋ፣ ነርቩ የሞተ፣ ሥሩ መግል የያዘ። ዛሬ ጸድቶ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል፣ በሳምንቱ ይጨረሳል ብላ አስረዳችው።

«ኳስ ይወዳሉ?» አለችው ማደንዘዣውን እየቀዳች።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ጥሩ። ይክፈቱ።»

ከፈተ።

«እሁድ ከወፍጮዎቹ ጋር ነን» ብላ ጀመረች። ወፍጮዎቹ የዱቄት ፋብሪካው ሠራተኞች ያቋቋሙት የወንዝ ማዶው ቡድን ነው፤ ከቢጫዎቹ ጋር ሲገጥሙ ከተማው ለሁለት ይከፈላል። «እነሱ አንድ ፈጣን ልጅ አላቸው፣ ያ ቀጭኑ። ሁልጊዜ በቀኝ መስመር ነው የሚያጫውቱት። እዚያ ደግሞ የኛ የግራ ተመላላሽ እንደ ጥላ ይለጠፍበታል፤ ሦስት ጨዋታ አንድ ኳስ አላሻገረም። ልብ ያለው አሰልጣኝ ቢኖራቸው ልጁን ወደ ግራ ያዞሩት ነበር። ግራ ሲሄድ ማንን ያገኛል? ቁምሳጥንን። ቁምሳጥኑ ደግሞ አይዞርም።»

«እእ?» አለ ታካሚው።

«አይዞርም። በተለይ በቀኝ ትከሻው በኩል ካለፉት ሦስት እርምጃ ይፈጅበታል። ቆጥሬዋለሁ።»

ሰውዬው ጣቱን አነሳ።

«አመምዎት?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «እእእ እእ እእ?»

ይህን ያህል ዘመን በተከፈተ አፍ ውስጥ የሠራ ሐኪም ተነባቢ የሌለውን ቋንቋ ይሰማል። «የመሃል ተከላካዩ አያግዘውም ወይ? አያግዘውም። በአንድ የቅጣት ምት ተጣልተው፣ ከተኮራረፉ ዓመት አልፏቸዋል። አንዱን ሲያልፉት ሌላው ቆሞ ያያል። ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ ደግሞ አማካዩም ይደክመዋል፤ ያኔ ያ መስመር በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ግን የወፍጮዎቹን ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ይህን የሚያይ ዓይን የላቸውም። ሰሞኑን አዲስ አሰልጣኝ ከሩቅ አመጡ አሉ። አላየሁትም። ሳላየው ግን አውቀዋለሁ፤ እነሱ የሚቀጥሩት ጭንቅላቱን ለኮፍያ ማስቀመጫ የሚጠቀምበትን ነው።»

ታካሚው ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔን ቢጠይቁኝ» አለች መቦርቦሪያውን እያነሳች፣ «ያንን የቀኙን ነቅሎ መጣል ነው።»

የሰውዬው ዓይን ተበለጠጠ፤ ሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ሲስተር ጎንበስ ብለው በጆሮው «ስለ ተጫዋቹ ነው። የእርስዎ የግራው ነው፣ አይዞዎት» አሉት።

ሥራው ሲያልቅ ተጉመጥምጦ ተፋና አፉን ጠረገ። «ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ ነው ያሉኝ?» አለ በደነዘዘ ከንፈሩ።

ሐኪሟ ደስ አላት። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። የራጁን ፖስታ ገልብጣ፣ ሜዳውን ስላ፣ ቀስቱን ከግራ መስመር ወደ ቁምሳጥን ቀኝ ትከሻ አስገብታ ሰጠችው። ሰውዬው አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና እጅ ነስቶ ወጣ።

«ጨዋ ሰው ነው» አለች።

«አፉን የከፈተ ሁሉ ለእርስዎ ጨዋ ነው» አሉ ሲስተር መሣሪያዎቹን ወደ መቀቀያው እየከተቱ።

እሁድ ከአባቷ ጋር የለመዱት ቦታ ተቀመጡ። አባቷ ሠላሳ አምስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ሁሉን ነገር በመሪና በፍሬን ነው የሚለኩት። ቡድኖቹ ሲገቡ የወፍጮዎቹ አዲስ አሰልጣኝም ብቅ አለ። ኮቱን ለብሷል። የሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመና ግራ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ።

ሐኪሟ የያዘችው ውሃ ከእጇ ወደቀ።

ለጊዜው እጁን ብቻ ነበር ያየችው። ቀጥሎ ሻርፑን አየች። ከዚያ ሰውዬው እጁን ደረት ኪሱ ከትቶ የታጠፈ ፖስታ አወጣ፣ ፈጣኑን ቀጭን ልጅ ጠርቶ አሳየውና፣ ልጁ ሜዳውን አቋርጦ ግራ መስመር ላይ ቆመ። ቁምሳጥን ፊት።

«አባዬ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ጨዋታውን አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለአንድ መንጋጋ።»

አባቷ ጆሯቸው ደከም ስላለ ደግማ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «በተከደነ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አሉ። «አንቺ ግን ሥራሽ ከክፍት አፍ ጋር ሆነ፤ ምን ይደረግ።»

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የእግር እሳት ሆነባት። ልጁ ቁምሳጥንን በቀኝ ትከሻው በኩል ሁለቴ አለፈው። አንዱን ኳስ የግቡ ብረት መለሰው፣ ሌላው ገብቶ ከጨዋታ ውጭ ተባለ። ከኋላዋ ያለ ሰው «ይሄን ያመጣው ማነው? እንዲህ ያለ ሐሳብ ለወፍጮዎቹ ከየት ይመጣል?» ሲል አንገቷን ኮቷ ውስጥ ቀበረች። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት አትጠላም ነበር። ግን እውነት ለመናገር፣ ከፍርሃቷ ሥር አንዲት ትንሽ ኩራትም ነበረች፤ ሦስት እርምጃ ብላ ነበር፣ ሦስት እርምጃ ፈጀበት።

በሃያኛው ደቂቃ ገደማ አንድ ነገር ተለወጠ። ቁምሳጥን ፊት ለፊት መቆሙን ተወ። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሸና፣ ጀርባውን ለመስመሩ ሰጥቶ ጎኑን ለልጁ አዙሮ፣ እንደተዘጋ በር ቆመ። ልጁ መጣ፤ ሄደ፤ ኳሷ ግን ከቁምሳጥኑ እግር ሥር ቀረች። ደግሞ መጣ። ደግሞ ቀረች።

«አየሽ» አሉ አባቷ። «ትልቅ መኪና ኩርባው ላይ ደርሶ አይዞርም። ቀድሞ ነው ቦታ የሚይዘው። ይሄ ሰው ሾፌር ነው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር ታዲያ?»

«እስከ ዛሬ ማን መጣበት? በዘጠና ደቂቃ አራት ኳስ ነበር የሚደርሰው። ሥራ የፈታ ሰው ያንቀላፋል። ዛሬ ወፍጮዎቹ ያላቸውን ሁሉ በእሱ በኩል አራገፉበት፤ ነቃ።»

እውነትም ነበር። ወፍጮዎቹ ልጁን ወደ ግራ ሲያመጡ ሌላ መንገድ ረሱ፤ ኳሱ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል፣ ቁምሳጥንም እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ እየተቀበለ ያስቀራል። ስልሳኛው ደቂቃ ሲደርስ የቢጫዎቹ አማካይ እንደተነገረው ደከመ፤ ያን ሰዓት የተኮራረፈው የመሃል ተከላካይ ወደ ቁምሳጥን ዞሮ አንድ ነገር ሲናገር ሐኪሟ በዓይኗ አየች። ከዓመት በኋላ የተነጋገሩት በእሷ ምክንያት ነው።

በሰባ አራተኛው ደቂቃ ቁምሳጥን ኳሷን ከልጁ ነጥቆ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ሄዶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ማንም አልጠበቀውም። ደረጃ ላይ ያመለጠ ቁምሳጥን ያየ ያውቃል፤ የሚችለው ገለል ማለት ነው። ሁለት ተጫዋቾች ገለል አሉ። አሻገረ፣ አጥቂው በግንባሩ ገጨ፣ ገባ። ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ።

ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ ጨፈረ። ሐኪሟ ተቀምጣ ቀረች። ማሸነፉ ደስ ብሏታል፤ ግን ሦስት ዓመት የደከመችበት ትንታኔ ሜዳው ላይ ተዘርሮ ይታያታል።

«ተነሺ እንጂ» አሉ አባቷ። «አሸነፍን እኮ።»

«እናንተ አሸነፋችሁ» አለች።

ሐሙስ ሲደርስ ሰውዬው የሚመጣ አልመሰላትም። በሰዓቱ መጣ። ጉንጩ ጎድሏል፣ ፊቱ ግን ጠቁሯል። ሲስተር ደረቱ ላይ ፎጣውን አሰሩለት፤ መቀመጥ ግን እምቢ አለ።

«አፌን ከመክፈቴ በፊት የምናገረው አለኝ» አለ። «አይዞርም ብለውኝ ነበር።»

«መምህር ነኝ ብለውኝ ነበር።»

«አሰልጣኝ አያስተምርም እንዴ? አሁን እሱን ይተዉት። አይዞርም አላሉኝም?»

«አልዞረም እኮ» አለች ሐኪሟ። ሦስት ሌሊት ያሰበችበት መልስ ነው። «አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። ጎኑን ሰጥቶ ነው የቆመው። ሲያዩት ልጁን ወደ ቦታው መመለስ የእርስዎ ሥራ ነበር። እኔ መርፌ ወጋሁ ማለት በሽተኛውን ትቼ ሄድኩ ማለት አይደለም።»

አሰልጣኙ ፎጣውን እንዳንጠለጠለ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ ስለ ልጁ፣ ስለ አማካዩ፣ ስለ ቡድኑ ኃላፊዎች፣ «ያን ሐሳብ ከየት አመጣኸው» ብለው ስለጠየቁት ጥያቄ። ሐኪሟ አንድም ቃል ሳታቋርጠው ሰማችው። ሰው ሲያወራላት ምን እንደሚመስል ያወቀችው ያን ቀን ነው።

«ሦስት ሰው ውጭ ይጠብቃል» አሉ ሲስተር። «አንደኛው እያለቀሰ ነው።»

ተቀመጠ። ሐኪሟም ምላሴን ይቁረጠው ብላ ለራሷ ምላ ነበርና በዝምታ ሥራዋን ጀመረች። አምስት ደቂቃ አለፈ። የመብራቱ ሙቀት፣ የመሣሪያው ኳ ኳ፣ ሌላ ድምፅ የለም። የሰውዬውን ግንባር አላበው። ጣቱን አነሳ።

«እእእ እእእ?»

«የለም፣ ምንም ችግር የለም» አለች። «ሰላም ነው።»

«እእ እእ እእእ?»

ሲስተር ግራ ገባቸው። «ምን እያለ ነው?»

«ዝም ሲሉ ያስፈራል፣ ያውሩ እያለኝ ነው» አለች ሐኪሟ፤ ትንሽም አመነታች። «ስለ ቢጫዎቹ አንዲት ቃል አልናገርም። በሚቀጥለው የምትገጥሙት ግን እነዚያን አረንጓዴዎቹን አይደል? የእነሱ በረኛ...»

የሰውዬው ትከሻ ላላ፣ እጁም ከወንበሩ ክንድ ላይ ወረደ። ጥርሱ በደንብ ተዘጋ።

እሁድ ቢጫዎቹ ከሊጉ ግርጌ ካለው ቡድን ጋር ተጫወቱ። ቀላል ጨዋታ ነው ተብሎ ነበር። ቁምሳጥን ሰባ ደቂቃ አንድ ኳስ ሳይደርሰው ቆሞ ዋለና፣ በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ሁለት ጊዜ በቀኝ ትከሻው በኩል አለፉት። ሁለቱም ገቡ። ሁለት ለዜሮ።

ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አባቷ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ አውርደው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያዘግማሉ። ሐኪሟ ክንዳቸውን ይዛ ቀለል ባለ እርምጃ ትራመዳለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ቆም ብለው።

«ምን ሆንኩ?»

«ታንጎራጉሪያለሽ።»

«አዝኜ ነው» አለች።

አባቷ ከእግሯ እስከ ራሷ አይተዋት «እንግዲያው በየሳምንቱ አትዘኚብን» አሉና አውቶቡሱ ላይ ወጡ።