የሱጋንዳ አምሮት

ድሩፓዲ ከአለቱ የነቀለችውን ዛጎል ፈልቅቃ ስትከፍተው ሥጋው አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው። ጣለችውና ሌላ ከፈተች። እሱም ያው ነው። ባሕሩ ሸሽቷል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይውጣታል፤ ከማዶ የሙምባይ ፎቆች ጭስ ውስጥ ቆመዋል።

ይህን አረንጓዴ ታውቀዋለች። የውስጥ ቆርቆሮ ልባጡ የለቀቀ የመዳብ ድስት ውስጥ ጎምዛዛ ወጥ ሲያድር እንዲህ ይሆናል፤ እንኳን ለሰው ለውሻም አይሰጥ።

«ምን ያፈዝሻል? ውሃው ሊመለስ ነው» አለች ጎረቤቷ ሄራባይ፣ አጠገቧ ጎንበስ ብላ እየለቀመች።

«እይው እስቲ።»

«ካየሁት ቆየሁ። በርበሬ ከገባበት በኋላ ቀለሙን ማን ያየዋል?» ሄራባይ ሳቀች። «ያቺ የጤና ሠራተኛ፣ ‹የፋብሪካው መዳብና እርሳስ ወርዶ ዛጎሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ለነፍሰ ጡር አታብሉ› ስትል፣ ‹እኔን እናቴ ይህንኑ በልታ ነው የወለደችኝ› ብለሽ ያባረርሻት ማን ሆነሽ ነው?»

ድሩፓዲን እናቷ ስትወልዳት እዚህ ባሕር በሚገባው ወንዝ ላይ አንድም ፋብሪካ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ልጇ ሱጋንዳ ትጠብቃታለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ቤት ከመጣች ወዲህ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚህ አለት ዛጎል፣ በኮኮናት ተሠርቶ። የነፍሰ ጡር አምሮት ደግሞ አይከለከልም። የከለከለች እናት እስክትሞት ስሟ ይነሳል።

ቅርጫቷን ጭቃው ላይ ደፋችው። እግሯን ታጥባ ባቡር ተሳፈረችና ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ከደቡብ የመጡ ሴቶች ከንጹሕ ባሕር የተለቀመ ዛጎል የሚሸጡበት ገበያ ወረደች። ዕድሜዋን ሙሉ ሸጣ እንጂ ገዝታ አታውቅም። እጇን ወደ ክምሩ ስትሰድ አፈረች።

ሻጯ እንደ ዓሣ አጥማጅ ሴቶች የታጠቀችውን ልብስ አየችና፣ «አንቺ የዓሣ አጥማጅ ልጅ አይደለሽ እንዴ? ባሕራችሁ የት ሄዶ ነው?» አለቻት።

«አለ» አለች ድሩፓዲ። «ታሞ ነው።»

ስትመለስ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባችም። ወደ ባሕሩ ወረደችና ውሃው ያልደረሰበት ዳር ላይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቆመች፤ ከዚያ ጭቃውን ከእግሯ ሳትታጠብ ወደ ቤት ሄደች።

«ቆየሽብኝ» አለች ሱጋንዳ።

«ውሃው አልሸሽ ብሎኝ ነዋ።»

ወጡ በሰለ። ሱጋንዳ ሳህኑን ከትልቁ ሆዷ ሥር ጭኗ ላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ጎረሰች። ከዚያ የዛጎሉን ቀፎ አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ሆና የዚህን አለት ሻካራ፣ ጥቁር ቀፎ ስትፈለቅቅ ነው ያደገችው። ይሄ ነጣ ያለና ልስልስ ነው።

ድሩፓዲ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ታያታለች።

ሱጋንዳ ቀፎውን ገልብጣ ከሌሎቹ ሥር ደበቀችው።

«እንደ ድሮው ነው፣ እማዬ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እግርሽን ግን ታጠቢ፤ ጭቃው ደረቀብሽ።»